ያልነበረው አያት

ጥሩወርቅ የቡፌውን መስታወት ከፍታ በደርዘን የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አየቻቸውና አንዱንም ሳትነካ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ባዶ ሃይላንድ አነሳች፤ ወገቡ ላይ በቢላ ቆረጠችውና የታችኛውን ግማሽ ለቅለቅ አድርጋ ወተት ሞላችበት። ባሏ ካሳሁን ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን እየተላጨ ነበርና ሁሉንም አየ። «ብርጭቆ ጠፋ እንዴ?» አላት ምላጩን ከጉንጩ ላይ ሳያነሳ። «ለምሰሶ ተካዩ ነው» አለችው፤ ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ። ትኩስ ቆጮ ኮባ ቅጠል ላይ አደረገች፤ ጎመንና አይቡን ከጎኑ አስቀምጣ ኪሎው መቶ ሃያ ብር የገባውን ቅቤ ሳትሳሳ አፈሰሰችበት። ሁለቱንም ለባሏ አስያዘችው። «በዚያው ስትወጣ አቀብለው። ሲጨርስ ሃይላንዱን እዚያው ቆሻሻው ጋ ይጣለው በለው።»

ጥሩወርቅ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ሰው ታመመ ሲባል አጥሚት ይዛ ቀድማ የምትደርስ፣ ለቅሶ ቤት እንጀራ ጭና የምትሄድ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት ውስጥ ስሟ በመልካም የሚነሳ ሴት ናት። ምሰሶ የሚተክሉትን ሰዎች ድሮ እንደማንኛውም ሰው ፉጋ ትላቸው ነበር። ፓስተሩ አንድ እሁድ ይህ ቃል ከአማኝ አፍ አይውጣ ብሎ ከሰበከ ወዲህ ግን ቃሉን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች፤ አሁን «እነዚያ» ነው የምትላቸው። ስለ ብርጭቆው ግን ፓስተሩ ያለው ነገር አልነበረም።

ምሰሶ ተካዩ የመጣው በእሷ ሐሳብ ነው። በሚቀጥለው እሁድ የሰብለን እጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሰብለ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ጥሩወርቅ ታዲያ እንግዶቿን በብሎኬት ሳሎን ሳይሆን በወጉ በተሠራ ጎጆ ልትቀበላቸው ፈለገች። ካሳሁን ራሱ የታወቀ እንጨት ሠሪ ነው። ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ አልጋና ቁም ሳጥን አድርስልን የሚሉት አከራዮች ብዛት መተንፈሻ አሳጥቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ምሰሶ ከቸሃ ገጠር ባለሙያ ማስመጣቱ ለሌላ አገር ሰው ያስቅ ይሆናል። በዚህ አገር ግን ምሰሶ መትከል የእነዚያ ሰዎች ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው የተከለው ቤት ቤት አይሆንም ይባላል። እነሱ ከተከሉት በኋላ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ግቡ የሚላቸው የለም።

ካሳሁን በአንድ እጁ ቅጠሉን፣ በሌላው የተቆረጠውን ሃይላንድ ይዞ ወጣ። ሰውየው አሸዋ ክምሩ አጠገብ ተንበርክኮ የምሰሶውን ጫፍ በመጥረቢያ እያሾለ ነበር። ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ፀጉሩ ያለቀለት ሽማግሌ ነው። የሰው ጥላ ሲያርፍበት ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳና ሁለት እጁን ዘረጋ። ከግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። ካሳሁን ያቺን የሌለች ጣት ያውቃታል። ስትቆረጥ ግንዱን ይዞ የነበረው እሱ ነው፤ ደሙን ባየ ጊዜ ግንዱን ጥሎ እየጮኸ እናቱ ጉያ የተወሸቀውም እሱ ነው። ቀና ብሎ ፊቱን አየው። ዘበርጋ ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ የእናቱ ልጅ፣ የአባቱ ልጅ ዘበርጋ!

ሽማግሌው ሃይላንዱን ሳይደፋው ቀስ ብሎ ተቀበለው። «ጌታ ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ቤትዎ ይሙላ» አለ፤ አማርኛው የገጠር ነው፣ ከበድ ብሎ የሚወጣ። ዓይኑን ከቅጠሉ ላይ አላነሳም። ያውቀኝ ይሆን? አላወቀኝም? ካሳሁን ይህን ከፊቱ ሊያነብ ፈልጎ አቃተው። በስሙ ሊጠራው ነበር፤ ግን መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጥሩወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እሁድ ይመጣሉ። «ሲጨርሱ ሃይላንዱን ቆሻሻው ጋ ይጣሉት» አለውና በሩን ከፍቶ ወጣ።

አስፋልቱ ጋ እስኪደርስ ምን እንዳለ ለራሱም አልገባውም ነበር። ሲገባው መንገድ ዳር የቆመች የቆርቆሮ ሱቅ ተደገፈ።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ነውና ከተማው በሙሉ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን ለብሷል። ባጃጆቹ ባንዲራ አንጠልጥለዋል፤ ተማሪዎች የየብሔሩን ልብስ ለብሰው እየተሳሳቁ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ ድምፅ ማጉያው «በብዝኃነታችን የደመቀ አንድነት» የሚለውን ቃል እስኪሰለች ይደጋግመዋል። ካሳሁን ሥራ ቤቱን ከፍቶ ገባና ማሽኑ ፊት ቁጭ አለ። አላስነሳውም። ያላለቀ ቁም ሳጥን ላይ ሙጫ የቀባ መሰለውና ብሩሹ ደረቅ መሆኑን ያየው ከጨረሰ በኋላ ነው። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ስንት ሰው ወንድም ካሳሁን እያለ ያቅፈዋል! እሱም ያቅፋል፤ በእንባ ሳይቀር ያቅፋል። ዛሬ ወንድሙን እንደ ውሻ ደጅ አብልቶ መጣ።

እምድብር ሚሽን ትምህርት ቤት የገባው በልጅነቱ ነው። ነጮቹ አባቶች የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሉት፤ ልጆቹ ግን ጠየቁት፣ ካወቁ በኋላም አብሯቸው ገበታ እንዳይቀመጥ አደረጉ። እዚያ የቆየው እስኪጎረምስ ነው። አንድ ቀን ጠፍቶ ወልቂጤ መጣ፤ አንድ እንጨት ሠሪ ዘንድ ሥራ ሲጠይቅ «የማን ልጅ ነህ?» ተባለ። ያን ጊዜ ነው አበጋዝ ሳህሌ የተወለደው። ካሳሁን እዚያው ቆሞ አባት ፈጠረ፤ እንሰቱ ከጀፎረው፣ ከመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ እስከ ወንዙ የሚደርስ፣ ቤቱ ሠላሳ ሰው የሚያስተኛ፣ በሽታ ቤተሰቡን ሁሉ የጨረሰበት ባላባት። ዳርጌ የሚለውን የልጅነት ስሙን ጥሎ ካሳሁን ተባለ። ውሸቱ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ነበር። እያደር ግን ወፈረ፤ ሰብለ ስትወለድና ተረት ንገረኝ ማለት ስትጀምር ደግሞ አበጋዙ በቅሎ አገኘ፣ ጋሻ አገኘ፣ ሳቁ እስከ ጎረቤት መንደር የሚሰማ ሰው ሆነ። ልጅቷ አያቷን እንደምታፈቅር ማንንም አላፈቀረችም። እውነተኛዎቹን ወላጆቹን ካሳሁን ተመልሶ አላያቸውም።

ወደ እኩለ ቀን አቶ አበራ መጣ። ሰብለን ሊያገባ ያለው የሄኖክ አባት ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፣ ከካሳሁን ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። የአገር ልብስ ለብሶ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተተ ነው። «ተነስ እንጂ! ልጃችን ሰብለ የጻፈችው ታሪክ በወጣት ማዕከሉ ይነበባል ተብሎ አንተ መጋዝ ስር ትደበቃለህ?» አለው። በመንገድ ላይ ስለ ሲሚንቶ መርከስና መወደድ፣ ስለ ድንኳን ኪራይ አወራ። «የእሁዱ ነገር» አለ ድንገት፣ «አይጨንቅህ፤ የኛ ሽማግሌዎች ዘር መቁጠር ይወዳሉ። አባትህንና የአባትህን ቤት ትጠራላቸዋለህ፣ እነሱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አለቀ። ለወጉ ነው።» ካሳሁን «ለወጉ ነው» ብሎ ደገመለት። ላቡ ከሸሚዙ ስር ወርዶ ቀበቶው ላይ ሲደርስ ተሰማው።

የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለቱ አባቶች ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ አንድ የታወቀ ልማድ አለው፤ ደራሲው ታሪኩን አንብቦ ሲጨርስ ከታዳሚው አንድ ሰው ይመርጥና ከባለታሪኮቹ አንዱን ሁንልን ይለዋል። የተመረጠው ሰው በዚያ ባለታሪክ አፍ ይናገራል፣ ሕዝቡም ያፋጥጠዋል። ከተሜው ከታሪኩ ይልቅ ይህን ይወደዋል፤ አንዳንዱ የሚመጣው ለዚህ ብቻ ነው።

ሰብለ መድረኩ ላይ ወጣች። የታሪኩ ርዕስ «የአበጋዙ ደጅ» ነበር። ካሳሁን ርዕሱን ሲሰማ ወንበሩ ስር መሬት ያለ አልመሰለውም። ልጅቱ በተረጋጋ ድምፅ አነበበች። አንድ ባላባት ትልቅ ቤት ይሠራል። ምሰሶውን የሚተክል ሰው ያስመጣል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ምሰሶውን ያቆማል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ገብቶ እንዲጠለል አይፈቀድለትም። የተሰጠውን ምግብ በተሰበረ ቅል ደጅ ቆሞ ይበላል፤ ቅሉም እሱ እንደሄደ ይከሰከሳል። የባላባቱ ትንሽ ልጅ ብቻ ማንም ሳያየው ከአባቱ ገበታ ሳህን ይሰርቅና ሮጦ ይሰጠዋል፤ አብሮትም ይበላል። ታሪኩ የሚያልቀው ባላባቱ ልጁንና ሰውየውን ከአንድ ሳህን ሲበሉ ደርሶባቸው አለንጋውን ሲያነሳ ነው።

የተጻፈው አለ በሚባል ችሎታ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ አልነበረም። አቶ አበራ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «አባቶቻችን ምን ያህል ጨካኝ ነበሩ!» አለ ወደ ካሳሁን ጆሮ ተጠግቶ። ከአፉ የወጣ ሰው አድጎ፣ ቤት ሠርቶ፣ አለንጋ ይዞ ፊቱ ቆሟል። ያ የፈጠረው አባት እውነተኛ አባቱን ደጅ አቁሞ በቅል ያበላዋል። ያ ደግ ልጅ ደግሞ እሱ ነው፤ ልጁ እንደዚያ አድርጋ ነው የምታስበው። ሳህን ሰርቆ የሚሮጥ ልጅ አድርጋ!

ሰብለ ወረቀቷን አጠፈች። «ይህ ታሪክ ከባዶ የመጣ አይደለም» አለች። «ቤቱ የአያቴ የአበጋዝ ሳህሌ ቤት ነው። አባቴ በልጅነቴ እየነገረኝ አድጌያለሁ። አያቴን እወደዋለሁ፤ ግን እንዲያ ያለ ቤት ምሰሶውን ማን እንደተከለው፣ የተከለው ሰው የት እንደበላ ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እኔ በአያቴ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጭብጨባው ሲበርድ ፈገግ አለችና እጇን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዘረጋች። «በልማዳችን መሠረት አባዬ አያቴን ይሁንልን። እናንተም ጠይቁት።»

ሳቅና እልልታ ሆነ። አቶ አበራ በክርኑ ጎሸመው። ካሳሁን ተነሳ፤ እንዴት እንደተነሳ ግን አያውቅም። ማይክሮፎን አስያዙት። ከኋላ አንዱ ወጣት «አበጋዝ! ሰውየውን ለምን ቤት አላስገቡትም?» ብሎ ጮኸ። ካሳሁን ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እኔ አበጋዙን መሆን አልችልም። አበጋዝ ሳህሌ የሚባል ሰው አልነበረም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አባቴ አገዘ ይባላል። ምሰሶ ተካይ ነበር። ደጅ ቆሞ የበላው እሱ ነው። እኔም የእሱ ልጅ ነኝ። የሰው ልጅ ነው እንዲሉኝ ብዬ ካድኩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወንድሜን፣ የእናቴን ልጅ፣ ግቢዬ ውስጥ በተቆረጠ ሃይላንድ ወተት አጠጥቼው መጣሁ። ስትጨርስ ጣለው አልኩት።»

ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። መጀመሪያ ከጥግ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ተከትሎ ሌላው፤ ከዚያ ሕዝቡ በሙሉ ብድግ ብሎ ቆመ። ያፏጫል፣ እልል ይላል። «እንዲህ ነው እንጂ ትወና!» ይላል አንዱ። «ባለታሪኩን ገለበጠው እኮ!» ይላል ሌላው። የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ተቀብሎ «ተሰጥኦ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ዛሬ በዓይናችን አየን!» አለ። አቶ አበራ ቆሞ ካሳሁንን አቀፈው፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል። «አስለቀስከኝ እኮ አንተ ሰውዬ! ለካ ደራሲ ኖረሃል!»

ካሳሁን ቁጭ አለ። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ተናግሯል፤ የሰማው ግን የለም፤ አንዲት ነገርም አልጠፋችበትም። እንዲሁ ፈገግ ቢል፣ «እንዴት ነበር?» ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ቀና ሲል ሰብለን አያት። እሷ አላጨበጨበችም። ወረቀቷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ አባቷን ብቻ ታያለች። አባቷ ትያትር እንደማይችል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ምሳ ካሳሁን ቤት እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮ ነበርና ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ተሳፈሩ። አቶ አበራ መንገዱን ሙሉ ብቻውን አወራ። ሰብለ መሃል ተቀምጣ ፊት ለፊቷን ታያለች፤ የአባቷን ክንድ እንዳትነካ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋለች። ካሳሁን ልጁ እንዲህ ራቅ ብላ ስትቀመጥ አይቶ አያውቅም። ያ እፎይታው ቀስ በቀስ እንደ ሬት መረረው። ግቢው በር ላይ ሲወርዱ ለወንድሙ ማንነቱን ሊነግረው የወሰነ ይመስለዋል፤ መሬት ሲረግጥ ደግሞ ያመነታል።

ምሰሶው ቆሟል። ቀጥ ብሎ፣ ማንም የማያነቃንቀው ሆኖ ግቢው መሃል ቆሟል። ዘበርጋ ከጄሪካን ውሃ እያፈሰሰ እጁን ይታጠባል። እንግዳ ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ አጥሩ ተጠጋ፤ ሰው ሳይነካ ማሳለፍ የለመደ አቋቋም ነው። ጥሩወርቅ ሽር ጉድ እያለች በረንዳው ላይ ብቅ አለች። «ግቡ፣ ግቡ እንጂ አቶ አበራ! ምሳው ቀዘቀዘ!»

ካሳሁን ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ አጥሩ ሄደ። ሽማግሌው ፊት ቆመና ከብዙ ዘመን ወዲህ ከአፉ ባልወጣው የልጅነት ቋንቋው፣ በቸሃኛ፣ «ዘበርጋ፣ እኔ ነኝ። ዳርጌ ነኝ» አለው።

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ በአማርኛ መለሰ። «ተሳስተዋል ጌታዬ። ዳርጌ የሚባል ወንድም ነበረኝ። ሚሽን ገብቶ በዚያው ሞተ። አባቴ ለቅሶ ተቀምጦለታል፤ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታለታለች። የሞተ ሰው አይመጣም።»

«አልሞትኩም።»

«ሞቷል አልኩ እኮ!»

አቶ አበራ ሳቀ። «ትያትሩ አላለቀም እንዴ?» አለ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም፤ ካሳሁን ሽማግሌው እግር ስር ወድቆ ጉልበቱን አቅፎ ነበር። ሲያለቅስም የአዋቂ ሰው ለቅሶ አልነበረም፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ነው። ዘበርጋ ሊያላቅቀው ታገለ፣ አቃተው። በመጨረሻ ትከሻውን በዚያች አንድ ጣት በጎደላት እጁ መታው። አሁን በገዛ ቋንቋቸው ነው የሚጮኸው። «አንተ ደነዝ! ለልጅህ ብዬ ነው እኮ የካድኩህ! እዚህ እንዳለህ ካወቅሁ ስንት ዘመኔ ነው! የልጅህን ምሰሶ ልትከል፣ በዓይኔ ልያት፣ ልሂድ ብዬ ነው የመጣሁት! ምን አደረግህ? አሁን ማን ያገባታል?»

ጥሩወርቅ ቸሃኛ ትሰማለች። አቶ አበራም ይሰማል።

አቶ አበራ ጋቢውን አስተካከለ። ወደ ጥሩወርቅ አየ፣ ወደ ሰብለ አየ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ። አዳራሽ ውስጥ ካለቀሰ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ ዓይኑ አሁንም ቀላ እንዳለ ነው። «ሱቁን ክፍት ትቼው መጥቼ ነበር ለካ» አለ። «ስለ እሁዱ… እስቲ እደውላለሁ። ጌታ ይባርካችሁ።» በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው። እንደማይደውል ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሰብለ አላለቀሰችም። ወደ አጥሩ ሄደችና ሽማግሌውን በክንዱ ያዘችው። «ይግቡ» አለችው። እምቢ አለ፤ እግሬ ጭቃ ነው አለ፣ መኪና ያመልጠኛል አለ። እሷ ግን አለቀቀችውም። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ጥሩወርቅ በሩን ሞልታ ቆማ ነበር። ሴትየዋ ባሏን አየችው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ከአንድ ሳህን አብራው የበላችውን ሰው። ወደ ጎን ዘወር ብላ አሳለፈቻቸው፤ ከዚያ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች። ውስጥ የምታደርገውን ማንም አልሰማም።

ሳሎኑ ለእንግዳ ተሰናድቶ ነበር። ዘበርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልብሱ ጨርቁን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ተቀመጠ። ካሳሁን ፊት ለፊቱ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ሰብለ ቆማለች። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ቁጣ እንጂ እዝነት አልነበረም።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ላልነበረ ሰው ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ» አለችው። «ስለ ሄኖክ አሁን አልጠይቅህም። እሱ ከመጣ ራሱ ይመጣል፣ ከቀረም ይቅር። አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አያቴ ማን ነበር? እውነተኛው። መልኩ ምን ይመስላል? ሲስቅ እንዴት ነው? ምን ይወድ ነበር? ሃያ ዓመት ስለ ሌላ ሰው ነግረኸኛል፤ አሁን ስለ እሱ ንገረኝ።»

«እሺ» አለ ካሳሁን። ይህማ አይከብድም፤ እንኳን ይህን፣ ሌላም ይናገራል፤ ከእንግዲህ የሚደብቀው የለም። ጉሮሮውን ጠረገ። አባቱን ሊያስበው ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው መጣለት፤ ጺሙን እያፍተለተለ በሩቅ የሚሰማ ሳቅ ይስቃል። አይ፣ ይህ አበጋዙ ነው። ይህን ሰው ገፋ አድርጎ ከኋላው ያለውን ፈለገ። ደጅ የቆመውን ሰው፣ ትከሻው ላይ እንጨት ተሸክሞ ወደ ቤት የሚመለሰውን ሰው፣ ሚሽን ያደረሰውን ሰው። እጁን ይዞት እንደሄደ ያውቃል። እጁ ሻካራ ይሁን ለስላሳ ግን አያውቅም። ፊት ፈለገ፣ ፊት የለም። ድምፅ ፈለገ፤ የሚሰማው የአበጋዙ ሳቅ ብቻ ነው። ያ ያልነበረ ሰው ቦታውን ሁሉ ይዞታል፤ ለነበረው የቀረ አንድ ጥግ እንኳ የለም።

ዓይኑን ሲገልጥ ልጁም ወንድሙም እሱን እየጠበቁ ነበር።

«አላስታውሰውም» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ለራሱም ባዕድ ሆነበት። ወደ ዘበርጋ ዞረ። «አንተ ንገራት። አባታችን ምን ይመስል ነበር?»

የዘበርጋ ቁጣ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ይታያል። ከዚያ ወደ ሶፋው ገባ ብሎ ደገፍ አለና፣ ለሁለቱም፣ አባታቸው አገዘ አጭር ሰው እንደነበረ ከመናገር ጀመረ።